የአያ ተገኘ ወደብ

ልጅ ሳለሁ ባሕር ማለት ጣና፣ ወደብ ማለትም ጎርጎራ ብቻ ይመስለኝ ነበር። መምህራችን ካርታ ሰቅለው ምጽዋን፣ አሰብን፣ ጅቡቲን በዘንግ እየነኩ ሲያሳዩን እኔ በልቤ «እነዚህ ደግሞ ከየት መጡ?» እል ነበር። በኛ ቤት የወደብን ነገር የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ተገኘ ማታ ማታ እያወሩ ጨርሰውት ስለነበር፣ ለሰው ልጅ ከዚያ ሌላ ወደብ የሚያስፈልገው አይመስለኝም ነበር።

ቤታችን ጸዳ ነው። ያኔ ጸዳ እንደ ዛሬው ቤት ለቤት አልተደጋገፈችም፤ ከአጥራችን ወዲያ የሰው ማሳ ነበር፣ አጨዳ ሲደርስ የጤፉ ሽታ እስከ መኝታችን ይገባል። አባቴ መሪጌታ ይትባረክ ጎንደር ከተማ ካሉት አድባራት ባንዱ የሚያገለግሉ የዜማ መምህር ነበሩ። ጠዋት ወጥተው ሲያስተምሩ ይውሉና ማታ በሚኒባስ ይመለሳሉ። ድምፃቸው ትልቅ፣ ንግግራቸው ግን ጥቂት ነበር። እናቴ «ያባትሽ ድምፅ ደብሩ ላይ አልቆ ነው የሚመጣው፤ ለኛ የሚተርፈን ‹ጨው አነሰው› ብቻ ነው» እያለች ትቀልድባቸው ነበር። እሳቸውም ይህንን ሰምተው ፈገግ ሳይሉ ጨው ይጨምራሉ።

አያ ተገኘ ወደኛ የመጡት በአንድ ክረምት ነው። ዕድሜያቸውን በጣና መርከብ ላይ ገመድ ሲያስሩና ሲፈቱ፣ ጭነት ሲያደላድሉ ኖረው፣ መርከቡ መምጣት ሲያቆም ጎርጎራ ላይ የሚሠሩት ነገር ጠፋ። ሚስታቸው ቀድመው ሞተዋል፤ ልጅ አልነበራቸውም። አባቴ ሄደው አመጧቸው። ዕቃቸው ባንድ ከረጢት የሚያልቅ ሲሆን ጎልቶ የሚታየው የመርከብ ፋኖስ ነበር፤ ብርጭቆው ባንድ ጎኑ ተሰንጥቆ በሰም የተያያዘ፣ እጀታው በብዙ ሰው እጅ የለሰለሰ። በዚያን ጊዜ ጸዳ መብራት ከሚኖርበት ማታ የማይኖርበት ይበልጥ ስለነበር ፋኖሱ ከሳቸው ቀድሞ ቤተሰብ ሆነ።

መሸት ሲል ማድ ቤት እንሰበሰባለን። እናቴ የባሕር ዛፉን ፍልጥ ከምድጃው ገፋ ታደርገዋለች፣ እንጨቱ ያልደረቀ እንደሆነ ጭሱ ዓይናችንን ያስለቅሰዋል፣ ፍሙ ላይ የበቆሎ እሸት እየተንጣጣ ይጠበሳል። አያ ተገኘ ፋኖሱን ከጎናቸው አስቀምጠው፣ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ስበው፣ እሸቱን በልቼ የተረፈኝን ቆረቆንዳ ከእጄ ተቀብለው አመዱ ላይ ያሰልፉታል። ቆረቆንዳው መርከብ፣ አመዱ ጣና፣ የምድጃው ድንጋይ ወደብ ነበር። አባቴ በዚያ ሰዓት ሳሎን ውስጥ ብቻቸውን በሻማ ድጓቸውን ይመለከታሉ። በሩ ግን ሁልጊዜ ገርበብ ያለ ነበር።

አያ ተገኘ ሲያወሩ አይቸኩሉም። መጀመሪያ ባሕሩ የታንኳ እንደነበረ ይነግሩኛል፤ የደምቢያ ሰው ጤፉንና ሽምብራውን በደንገል ታንኳ ጭኖ፣ ዳር ዳሩን እየቀዘፈ ወደ ጎጃም ይሻገር እንደነበረ፣ ንፋስ ሲነሳ እህሉም ሰውየውም እንደሚረጥቡ፣ አንዳንዱም ወጥቶ እንደሚቀር። ከዚያ ጣሊያን መጣ። ድንጋይ አስጠርቦ ወደ ውኃው ገባ ያለ ግንብ አሠራ፤ መርከቡን ደግሞ ከምጽዋ ቆራርጦ በማኪና አምጥቶ ባሕሩ ዳር ገጣጠመው። «ሊገዛን ነበር የመጣው» ይሉኛል አያ ተገኘ ቆረቆንዳውን እየገፉ፣ «ሳይገዛን ግንቡን ትቶልን ሄደ። እኛም አላፈረስነው።»

መርከቡ የሚመጣበት ቀን ገበያ ሆነ። መጀመሪያ ጠላ ሻጮቹ መጡ፣ ከዚያ ልብስ ሰፊው የስፌት ማኪናውን በአህያ ጭኖ መጣ፣ ከዚያ ጸጉር አስተካካዩ፣ ከዚያ አልጋ የሚያከራዩት። የደጋው ሰው፣ አባቴና አያ ተገኘ የተወለዱበት የጃናሞራ ሰው ሳይቀር፣ በጉንና ገብሱን እየነዳና እየጫነ ቀናት ተጉዞ ይወርዳል፤ ከማዶ የዘጌ ቡናና በርበሬ ይመጣል። ከዕቃው ኋላ ደግሞ ሰው ተከተለ። የደምቢያው ጎረምሳ ባሕር ማዶ ሚስት ማግባት ጀመረ፣ ሠርገኛው በመርከብ እየዘፈነ ተሻገረ፣ ዘመድ በዘመድ ላይ ተጨመረ። አማትን በሚመለከት አያ ተገኘ የራሳቸው አስተያየት ነበራቸው፦ መርከብ ሲመጣ ብቻ የምትመጣ አማት ሸጋ ናት፣ መሄጃዋንም መርከቡ ይነግራታል። እናቴ ይህን ስትሰማ ሊጡን ትታ ትስቃለች፤ የአባቴ እናት በእግራቸው እየመጡ የፈለጉትን ያህል ይቀመጡ ነበርና።

ከዚያ አስፋልቱ ይመጣል። እዚህ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ከጎንደር ባሕር ዳር በሚኒባስ ሦስት ሰዓት በሆነበት ዘመን በመርከብ የሚውል ሰው ከየት ይመጣል? መጀመሪያ ልብስ ሰፊው ሄደ። ቀጥሎ አልጋ ቤቶቹ ተዘጉ፣ ልጃገረዶቹ እየተዳሩ ወደ ከተማ ወጡ፣ ግንቡ ላይ ከብት ውኃ ይጠጣበት ጀመር። መንገዱን ግን ሲረግሙት ሰምቼ አላውቅም። «እኔስ ብሆን ወደናንተ የመጣሁት በማኪና አይደል?» ይሉ ነበር። እኔ ያኔ ከሁሉም የልብስ ሰፊው መሄድ ነበር የሚያሳዝነኝ፤ ሰውየውን አይቼው አላውቅም፣ ግን አመዱ ላይ «ልብስ ሰፊው ነው» ብለው ያስቀመጡትን ጠጠር ሲያነሡት እንባዬ ይመጣ ነበር።

ከተረቶቻቸው ሁሉ አብልጬ የምወደው የዘመመው መርከብ ታሪክ ነበር፤ እሱንም አንድ ቀን እንኳ እስከ መጨረሻው አላወሩልኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መርከቡ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎርጎራ ሲቃረብ በስተግራ፣ በምዕራብ በኩል፣ ገዳም ያለበት ደሴት አለ። ወደ ገዳሙ ሴት አትገባም። ስለዚህ ለሴቶቹ ያ ማለፊያ ከዓመት እስከ ዓመት የሚሳለሙበት ብቸኛው ቅርብ ቦታ ነው፤ ወንዶቹም ቢሆኑ ቤተ ክርስቲያን እያዩ ቁጭ ብለው አያልፉም። አንድ ቀን፣ ከታች እህል ከላይ ሰው ተጭኖ ሳለ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ሲታይ ተሳፋሪው በሙሉ ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ግራ ወጣ። መርከቡ ዘመመ። ጆንያዎቹ ተንሸራተቱ። ካፒቴኑ ተመለሱ እያለ ይጮሃል፣ ማን ይስማው፤ ሰው ተንበርክኮ እየጸለየ ነው፣ መዝመሙንም ሲያይ ጭራሽ ጸሎቱን አጠነከረ።

«ከዚያስ?» እላለሁ።

«ከዚያማ ተመለሱ።»

«ምን ብለው መለሷቸው?»

አያ ተገኘ ገርበብ ያለውን በር አየት አድርገው እሳቱን ይቆሰቁሳሉ። «እሸቱ አረረብሽ» ይሉኛል።

በቤታችን አንድ ሌላ ነገር ነበር፤ ከዚህ ጋር እንደሚያያዝ ግን አላውቅም ነበር። በበዓል ቀን ዳቦው ሲቀርብ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ በልቶ ሲጠግብ፣ በየሰዉ ቤት እንደሚደረገው ከመካከል ታላቅ የሆነው ተነሥቶ ይመርቃል። በኛ ቤት ግን ታላቁ አያ ተገኘ ሆነው ሳለ የሚመርቁት አባቴ ነበሩ። እንግዳ የሆነ ሰው ወደ አያ ተገኘ ዞሮ መዳፉን ይዘረጋል፣ አያ ተገኘ ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ፣ አባቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው ይጀምራሉ። አያ ተገኘም እንደኛው እንደ ልጆቹ መዳፋቸውን ዘርግተው አሜን ይላሉ። 

አንድ ቀን እናቴን «አያ ምነው አይመርቁም?» ብዬ ጠየቅኋት።

«አይመርቁም አይባልም፤ እንዳይመርቁ ተከልክለው ነው» አለችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። አያ ተገኘ ከትውልድ ቦታቸው ከጃናሞራ መካነ ብርሃን ወደ ጣና የወረዱት ለትምህርት ነበር። ዲያቆን ነበሩ፣ አባታቸው ቄስ፣ ተስፋውም ሁሉ በሳቸው ነበር። መርከቡን ሲያዩ ግን ትምህርቱን ትተው ገመድ ያዙ። መርከቡ በዘመመ ቀን ታዲያ፣ ካፒቴኑን የሚሰማው ሲጠፋ፣ ወንበር ላይ ወጥተው ዲያቆን በቅዳሴ መካከል ሕዝቡን የሚያዝበትን ቃል በዜማ አሰሙ፦ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ።» ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ ማለት ነው። ሰዉም ከልጅነቱ የለመደው ቃል ነውና ሳያስብ ተነሥቶ ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቀኝ አዞረ፤ ግማሹም የፀሐይ መውጫውን ለማየት ወደ ቀኙ ጎን ሄደ። መርከቡ ተቃና።

መዳናቸው አልተወራም፣ ቃሉ ግን ተወራ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ የጃናሞራ ሰው ስለነበር ወሬው ተራራውን ወጥቶ መካነ ብርሃን ደረሰ፤ የቄሱ ልጅ የቅዳሴውን ቃል ለመርከብ ጭነት ማደላደያ አደረገው ተባለ። አያቴ ተቆጡ። «ከእንግዲህ በቤቴ ያ አፍ ለምርቃት እንዳይከፈት» አሉ፣ ቃላቸውንም ሳያነሡት ሞቱ። አባቴ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበሩ። የአባታቸውን ቃል ግን እንደተቀበሉት ይዘውት ኖሩ።

ከዚያ ወዲያ አባቴን በሌላ ዓይን አየኋቸው። ተናደድሁባቸው ማለት ይቀላል። የሚያዝኑት ለአባታቸው ይሁን ለወንድማቸው ግን አላውቅም ነበር፤ ወንድማቸውን ቤታቸው አምጥተው፣ ከመሶቡ ሸጋ ሸጋውን ወደሳቸው እየገፉ፣ ያቺን አንዲት ነገር ብቻ ይነፍጓቸዋል። ማታ ማታ ተረቱ ሲወራ የማይዘጉት በርም ያናድደኝ ነበር።

እንዲህ እያልን ሳለ፣ አንድ ቅዳሜ ከጎርጎራ ሁለት ወጣቶች መጡ። የከተማዋ ልጆች ተደራጅተው የሞተር ጀልባ ገዝተዋል። መጪው ኅዳር ባሕሩን ተከትሎ ያለ አንድ ደብር ይነግሣልና የመጀመሪያ መንገዳቸው ምእመናንን ወደዚያ ማድረስ ነው። የወደቡን ሰው ሲያማክሩ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ያሉት አንድ ነገር ሆነ፦ ተገኘ ካልመረቀው አይነሣም።

«አያ ተገኘ፣ አንቱ መጥተው ይመርቁልን» አለ አንደኛው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ።

አያ ተገኘ ፊታቸው ተለዋወጠ። ደስታም ነበር፣ ሌላም ነበር። «እኔ ለምርቃት አልሆንም» አሉ በመጨረሻ። «ወንድሜ መሪጌታ ናቸው። እሳቸውን ለምኑ።» ሁልጊዜ ፊት ለፊት «አንተ ይትባረክ» የሚሏቸውን ወንድማቸውን በሰው ፊት አንቱ ሲሉ የሰማሁት ያን ቀን ነው። አባቴ ወለሉን እያዩ «እመጣለሁ» አሉ።

በኅዳር ሁላችንም ከአዘዞ ማኪና ይዘን፣ ቆላ ድባንና ጯሂትን አልፈን ወረድን። እኔ እንቅልፍ ሳይወስደኝ አድሬ ነበር። ስንደርስ ያየሁት ግን ወደ ውኃው ገባ ያለ አጭር የድንጋይ ግንብ፣ ዳሩ ላይ የሚጠጡ ላሞች፣ በሮቻቸው የተዘጉ አሮጌ ቤቶችና አንዲት ሰማያዊ ጀልባ ብቻ ነበር። የኔ ወደብ፣ ያ አመድ ላይ ያየሁት፣ ከዚህ እጅግ ይሰፋ ነበር። ለራሴ ሳይሆን ለአያ ተገኘ አፈርሁላቸው።

«አነሰብሽ?» አሉኝ እጄን ይዘው።

መዋሸት አልቻልሁም። «አዎ።»

«ለኔም አንሶኛል። ሰው ሲጎድለው እንዲህ ነው።» ይህን ብለው ሳይጨርሱ አሮጊቶች ከየቤቱ ወጡ። አንዷ ጉልበታቸውን ይዛ ታለቅሳለች፣ አንዷ «ሞቷል ብለውን ነበር» እያለች ፊታቸውን በሁለት እጇ ታገላብጣለች፣ አንድ ሽማግሌ ከሩቅ ሆነው የድሮ ዕዳቸውን ሳይሆን የድሮ ጸባቸውን እያስታወሱ ይስቃሉ። አያ ተገኘ መካከላቸው ሲቆሙ ወደቡ ሰፋ። ይህን ስል ማጋነኔ አይደለም፤ የልጅ ዓይኔ ያኔ ያየው እንደዚያ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት አባቴ ጀልባዋ ላይ ጸሎት አደረሱ፣ ጠበል ረጩ፣ እኛም ተሳፈርን። ሴቶቹ ነጭ በነጭ ለብሰው ይዘምራሉ። አባቴ አገር ሲዞሩ የኖሩት በእግርና በአውቶቡስ ስለነበር ጀልባ ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው፤ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ ጠምጥመው፣ ደረቅ ብለው ተቀመጡ። አያ ተገኘ ከኋላ፣ ከሚነዳው ወጣት አጠገብ ቆመዋል። ወደ ደቡብ እየሄድን ስለነበር ፀሐይዋ በስተግራችን ነበረች፤ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፣ ውኃው ብርማ ሆኗል። እኔም ደስ ብሎኝ እግሬን አወዛውዛለሁ።

ደሴቱ በስተቀኝ ብቅ አለ።

አንዲት ሴት እልል አለች፤ ሌላዋ ተነሣች፤ ከዚያ ሁሉም ተነሡ። ነጠላ እየተጣፋ፣ ልጅ እየታዘለ፣ ሰዉ በሙሉ ወደ ቀኝ ወጣ፣ እናቴም ሳታስበው እኔን ጎትታ ወጣች። ጀልባዋ ጋደለች። ውኃው ጫማዬ ውስጥ ገባ፣ ቀዝቃዛ ነበር። ወጣቱ መሪውን ይዞ «ተመለሱ፣ ኧረ ተመለሱ» ይላል፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ እልልታው ከሞተሩም ይበልጣል። እናቴ ክንዴን ስትጨብጠኝ መፍራቷን አወቅሁ፤ እናቴ ስትፈራ አይቼ ስለማላውቅ እኔ ከውኃው ይልቅ የሷን ጣቶች ፈራሁ።

ወደ ኋላ ዞሬ አያ ተገኘን አየኋቸው። ብረቱን ይዘው ቆመዋል፤ አፋቸው ተከፍቷል፣ ድምፅ ግን አልወጣውም። ዓይናቸው አባቴ ላይ ነበር። ቃሉን ያውቁታል፣ ሊሉት ይችላሉ፣ ግን ከብዙ ዓመት በፊት የተከለከሉትን አፍ ዛሬ በወንድማቸው ፊት መክፈት አቃታቸው። አባቴም ያንን አፍ አዩት። ፊታቸውን አልረሳውም። ዕድሜ ልካቸውን የተቆጡበት ነገር ከእግራቸው ሥር ሲዘምም ተሰምቷቸዋል።

አባቴ ተነሡ። መቋሚያቸውን ከፍ አድርገው፣ ጎንደር ላይ ያን ሁሉ ደብተራ ያስተማሩበትን ድምፅ ሁሉ አውጥተው አዜሙት፦

«ውስተ ጽባሕ ነጽሩ።»

እልልታው ቆመ። ሰዉ ዞረ። አሮጊቶቹ፣ ልጅ ያዘሉት፣ ጎረምሶቹ፣ እናቴም፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ፀሐይዋ አዙረው ወደ ግራ ተመለሱ፣ አንዳንዶቹም በቅዳሴ እንደለመዱት እጃቸውን አነሡ። ጀልባዋ ቀስ ብላ ተቃናች። 

አያ ተገኘ በመጀመሪያ ያሉት ነገር ይህ ነው፦ «ይትባረክ፣ ዜማው ከፍ አለብህ። እኔ ያኔ ዝቅ አድርጌ ነው ያልሁት።»

አባቴ ሳቁ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ፣ ከዚያም ተመልሶ ሳቅ ሆነ። ከሳቸው እንዲህ ያለ ድምፅ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እናቴ እኔን እያቀፈች «ይህንንም አየሁ» አለች።

ንግሡን አንግሠን በዚያው ቀን ማታ፣ ጀንበር ሳትጠልቅ፣ ወደ ግንቡ ተመለስን። የወደቡ ሰው ዳቦና ጠላ ይዞ ይጠብቅ ነበር። ሲበላ ሲጠጣ ቆይቶ የምርቃቱ ጊዜ ሲደርስ ሰዉ ሁሉ ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ ግን ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወንድማቸው ፊት ሄዱና ጥምጥማቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ።

«አያ» አሉ፣ «አባታችን ጀልባ ላይ ወጥተው አያውቁም ነበር። እኔም እስከ ዛሬ አልወጣሁም ነበር። ይመርቁን።»

አያ ተገኘ ቶሎ አልጀመሩም።  ሰዉ መዳፉን ዘርግቶ ጠበቀ፣ እኔም ዘረጋሁ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እንደ ቄስ ሳይሆን ገመድ እንደሚያስር ሰው ባጭሩ ባጭሩ መረቁን፦ የሚሄደውን በሰላም ያድርሰው፣ የሚቀረውን አይርሳው። ነፋሱን ልክ ያድርግልን። ልብስ ሰፊውን ይመልስልን። እዚህ ላይ ሰዉ ሳቀ፣ እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር። ይህን ወንድሜን፣ አሉ እጃቸውን በአባቴ ራስ ላይ ጭነው፣ ይህን ታናሼን ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ። አሜን ስንል የአባቴ አሜን ከሁላችን ዘግይቶ መጣ።

ወደ ጸዳ ልንመለስ ስንል አያ ተገኘ ከኛ ጋር አልመጡም። ወጣቶቹ ገመድ የሚይዝ ሰው እንፈልጋለን አሉ፤ ሰበብ እንደሆነ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኛም እናውቃለን። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። ተረቱ ነው የቀረብኝ፤ ስለ ደስታቸው ማሰብ ያኔ አልመጣልኝም። እሳቸው ጭንቅላቴን እየዳበሱ በስሜ ጠርተው «ባንቺ፣ አንቺም መምጫ አገኘሽ እኮ» አሉኝ። እኔም እንዲያ አድርጌ አላየሁትምና አልቅሼ አልጨረስሁም።

በማግሥቱ ጸዳ ስንደርስ መብራት የለም። እናቴ እሳት አነደደች፣ እንጨቱ እርጥብ ነበር፣ ማድ ቤቱ በጭስ ተሞላ። የአያ ተገኘ መቀመጫ፣ ያቺ ዱካ፣ ባዶዋን ቆማለች። እሷን ላለማየት ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተቀመጥሁ። ትንሽ ቆይቶ የሳሎኑ በር ተንቋቋና አባቴ መጡ። ጭሱ እያሳላቸው ዱካው ላይ ተቀመጡ፣ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ፣ ከምድጃው ዳር አንድ ቆረቆንዳ አንሥተው አገላብጠው አዩት።

«ድሮ» አሉና ቆሙ። «ባሕሩ የታንኳ ነበር።»

ማውራቱን አያውቁበትም ነበር። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እንደ ዜማ ይስቡታል፣ ጣሊያኑን ከአስፋልቱ በኋላ አመጡት፣ ጸጉር አስተካካዩንና ልብስ ሰፊውን አንድ ሰው አደረጓቸው። እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። እኔ መታገሥ አቅቶኝ ፊቴን ከግድግዳው መለስሁና «አባባ፣ መጀመሪያ ጠላ ሻጮቹ ናቸው የመጡት» አልኋቸው። «እንግዲያስ አንቺ ንገሪኝ» አሉኝና ቆረቆንዳውን ሰጡኝ፤ እኔም ያን ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደቡን በአመድ ላይ ሠራሁት።

ዛሬ ሁለቱም ወንድማማቾች የሉም። ጎርጎራ አሁን ሌላ ሆናለች፤ መንገድ ገብቶላታል፣ እንግዳ ይመጣባታል፣ የተዘጉት በሮች ብዙዎቹ ተከፍተዋል። ስለ ወደብ የሚወራው ወሬም በዝቷል፤ በቴሌቪዥንም፣ በሚኒባስ ውስጥም፣ በሠርግ ቤትም ሳይቀር ሰው ስለ ትልልቆቹ ወደቦች ሲከራከር እሰማለሁ፣ እኔም እንደ ማንም ሰው የራሴ ሐሳብ አለኝ። ግን ወደብ የሚለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣብኝ መርከብም ባሕርም አይደለም። የሚመጣብኝ አባቴ ናቸው፤ በጭሱ ውስጥ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ ያልኖሩበትን የወንድማቸውን ዕድሜ እያምታቱ ሊያወሩልኝ ሲታገሉ። ከሰማኋቸው ተረቶች ሁሉ ይበልጥ ተበላሽቶ የተነገረኝ እሱ ነበር፤ ለልጆቼም አንድ ቃል ሳላቀና፣ እሳቸው እንዳበላሹት አድርጌ ነው የማወራላቸው።